ሁለተኛው መስመር ሲጠራ አቤት እንዲል

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ከመስኮት ውስጥ ያልሰማ የጅማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሄርማታ ብር ሊያወጣ የተሰለፈውም፣ ከሰቃ ወይም ከጎማ የቡና ሒሳቡን ሊቀበል የመጣውም፣ ሆስፒታል ካርድ የሚያወጣውም ለምዶታል። ከመልሱ ጀርባ ግን ሁልጊዜ የሞተ ሰርቨር አለ ማለት አይደለም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ ሁለትና ሦስት ሰርቨር በአንድ ክላስተር የሚያስሩ መሥሪያ ቤቶች አሉ። እነዚህ ሰርቨሮች ሁሉም በሕይወት እያሉ፣ መብራታቸው እየበራ፣ እርስ በርስ መነጋገር ሊያቆሙ ይችላሉ። ያኔ ክላስተሩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አያውቅም፤ ሳያውቅ ደግሞ ሥራውን ለማንም አያስረክብም። ማስረከብም የለበትም። አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ሰርቨሮች እኩል መጻፍ ከጀመሩ ዳታው ይበላሻል፤ ይህ ከግማሽ ቀን መቋረጥ እጅግ የከፋ ነው።

ስለዚህ ሰው ሁሉ ሁለተኛ መስመር ይዘረጋል። መዘርጋቱ ቀላል ነው። የሚያደክመው ሌላ ነው፦ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጋር የሚጋራውን ነገር አንድ በአንድ ፈልጎ መለየት፣ ከዚያም የመረከቢያውን ጊዜ ከበላዩ ካለው ሶፍትዌር ትዕግሥት ጋር ማስላት። ሁለቱ ካልተሟሉ ኬብሉ ሁለት ይሁን እንጂ መስመሩ አንድ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆን ሦስት ኖድ ያለው የፕሮክስሞክስ ክላስተር እንውሰድ፤ ኖድ ማለት ክላስተሩ ውስጥ ያለ አንድ ሰርቨር ነው፣ ፕሮክስሞክስ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር። ከሥሩ ሆኖ ኖዶቹን እርስ በርስ የሚያነጋግረው ኮሮሲንክ ነው፤ በተራ ሊኑክስ ላይ ፔስሜከር የሚባለውን የክላስተር ማስተዳደሪያ የሚጠቀም ሰውም ያው ኮሮሲንክን ስለሚያገኝ አብዛኛው ነገር ለእሱም ይሠራል። ኮሮሲንክ በሦስተኛው ትውልዱ ክኔት የሚባል ማጓጓዣ ይጠቀማል። ክኔት ከ0 እስከ 7 የተቆጠሩ ስምንት ሊንኮችን መያዝ ይችላል። ለእኛ ሁለት ይበቁናል፤ ሁለቱ እውነተኛ እስከሆኑ ድረስ።

እውነተኛ የሚሆኑት እንዲህ ነው። ሊንክ 0 የሚወጣው ከማዘርቦርዱ ፖርት ይሁን፤ ሊንክ 1 ከተለየ የኔትወርክ ካርድ። ባለ አራት ፖርት ካርድ ገዝቶ ሁለቱንም ሊንክ ከእሱ ማውጣት የተለመደ ነው፤ ካርዱ ሲበላሽ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስዊቹም ሁለት ነው፤ በመካከላቸውም ለዚህ ሥራ የሚያገናኝ ኬብል አያስፈልግም። አድራሻውም የተለያየ ይሁን፦ ለሊንክ 0 ከ10.10.1.11 እስከ 13፣ ለሊንክ 1 ከ10.10.2.11 እስከ 13። የክላስተሩ ወሬ ትንሽ ስለሆነ ሰፊ መስመር አይጠይቅም። የሚጠይቀው መዘግየት አለመኖሩን ነው፤ ከ5 ሚሊሰከንድ በታች መቆየት አለበት። ስለዚህ ለአንዱ ሊንክ ባለ አምስት ፖርት ተራ የጊጋቢት ስዊች በቂ ነው። ርካሽና ለዚህ ብቻ የተመደበ ስዊች፣ ውድ ሆኖ የስቶሬጅና የባክአፕ ትራፊክ ከሚያጨናንቀው ስዊች ይሻላል እላለሁ። ሌሊት ባክአፕ ሲጀምር መስመሩ ይሞላል፤ የክላስተሩ መልእክት ወረፋ ይጠብቃል፤ ሎጉ ላይ «ሪትራንስሚት ሊስት» የሚል መስመር ይደረደራል። ይህን ያየ ሰው መስመሩ እየታፈነ መሆኑን ይወቅ።

ስዊቾቹ የየራሳቸው ዩፒኤስ ያስፈልጋቸዋል። ሰርቨሩ ባለ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ሆኖ ሁለቱም ስዊች ግን አንድ ማከፋፈያ ላይ የተሰኩበት ራክ ማየት ብርቅ አይደለም። መብራት ሲሄድ ሰርቨሮቹ ይቆያሉ፣ ስዊቹ ይጠፋል፣ ክላስተሩ ይበተናል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ሁለቱን ኬብሎች በቦንድ፣ ማለትም እንደ አንድ መስመር እንዲሠሩ፣ አስሮ ለኮሮሲንክ አንድ ሊንክ ብቻ መስጠት ንጹሕ ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ቦንዱ በአክቲቭ-ባክአፕ (አንዱ ሲሠራ ሌላው እየተጠባበቀ) ሲሠራ በተለመደው ቅንብሩ የሚያየው የኬብሉን ሲግናል ብቻ ነው። በየ100 ሚሊሰከንዱ «ሲግናል አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ስዊቹ ደንዝዞ ፓኬት ማስተላለፍ ቢያቆምና የፖርቱ መብራት ግን ቢበራ፣ ለቦንዱ ሁሉም ሰላም ነው። ክኔት በአንጻሩ በእያንዳንዱ ሊንክ ላይ የራሱን ፒንግ ይልካል፤ ከወዲያኛው ኖድ መልስ ካልመጣ ሊንኩን ሞቷል ብሎ ወደ ሌላው ይዞራል። ስለዚህ ሁለቱን ሊንኮች ለየብቻ ስጡት፤ ቦንዱን ለቨርቹዋል ማሽኖቹ ትራፊክ ተዉት።

በኤልኤሲፒ (ሰርቨሩና ስዊቹ መልእክት እየተለዋወጡ ኬብሎቹን በሚያስሩበት ደንብ) የታሰረ ቦንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በዝግተኛው አሠራሩ መልእክት የሚልከው በየ30 ሰከንዱ ነው፤ ወዲያኛው ጫፍ እንደሌለ የሚያምነውም ከ90 ሰከንድ በኋላ። በፈጣኑ አሠራር በየሰከንዱ ይልካል፣ በ3 ሰከንድ ይቆርጣል። የግድ ኤልኤሲፒ ላይ ኮሮሲንክ የምታስኬዱ ከሆነ በሰርቨሩም በስዊቹም ፈጣኑን ምረጡ። እንደ አንድ ሆነው የማይሠሩ ሁለት ስዊቾች ላይ ኤልኤሲፒ እንደማይሠራም አትርሱ።

90 ሰከንድ ለምን ብዙ እንደሆነ የሚገባው የኮሮሲንክን ሒሳብ ስናይ ነው። ኖዶቹ ቶክን የሚባል ምልክት እየተቀባበሉ ይዞራሉ። በአዳዲሶቹ የኮሮሲንክ እትሞች የቶክኑ መጠበቂያ 3000 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከሁለት በላይ ለሆነ እያንዳንዱ ኖድ 650 ይጨመርበታል። ለሦስት ኖድ 3650 ይሆናል ማለት ነው። ቶክኑ በዚያ ጊዜ ካልመጣ ኖዶቹ አባልነታቸውን እንደገና ይደራደራሉ፤ ለድርድሩ የሚሰጠው ጊዜ የቶክኑ 1.2 እጥፍ ስለሆነ እስከ 4380 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። ከድርድሩ በኋላ ከአብዛኛው ጋር ያልሆነ ኖድ ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ለመሥራት የሚያስፈልገውን አብላጫ ድምፅ፣ አጥቷል። በላዩ ላይ በኤችኤ (ሰርቨር ሲወድቅ ማሽኖቹን ሌላው ላይ በሚያስነሳው አገልግሎት) የሚጠበቁ ማሽኖች ካሉ ዎችዶግ የሚባለው ሰዓት ቆጣሪ 60 ሰከንድ ቆጥሮ ሰርቨሩን ራሱን ሪስታርት ያደርገዋል።

እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ ጻፏቸው። ታች ያለው ሁሉ ላይ ካለው ቀድሞ መጨረስ አለበት። በ100 ሚሊሰከንድ የሚነቃ ቦንድ ከ3650 በታች ስለሆነ ይሻገራል። በ90 ሰከንድ የሚነቃ ኤልኤሲፒ ከ60 ሰከንዱ ዎችዶግ በላይ ነው፤ መስመሩ ነቅቶ ሳይጨርስ ሰርቨሩ ራሱን አጥፍቷል። ፓኬት በስዊቾች መካከል በክብ እንዳይሽከረከር የሚከላከለው የስዊቹ ስፓኒንግ ትሪም እዚሁ ወረቀት ላይ ይግባ። የድሮው ዓይነት አንድ ፖርት ሲነሳ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፤ በድምሩ 30 ሰከንድ ምንም አያስተላልፍም። ሊንክ 1 ተነቅሎ ተመልሶ በተሰካበት በዚያ 30 ሰከንድ ውስጥ ሊንክ 0 ቢወድቅ መተኪያ የለም። መፍትሔው ሰርቨር የሚሰካባቸውን ፖርቶች የጠርዝ ፖርት ብሎ ማዋቀር ነው፤ ወዲያው ያስተላልፋሉ።

የቶክኑን ጊዜ ወደ 10,000 ማሳደግ እንደ መድኃኒት ሲመከር ይሰማል። እኔ የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ። የክኔት የፒንግ ጊዜዎች ካልተነኩ የሚሰሉት ከቶክኑ ነው፤ ቶክኑን ስታስረዝሙ የሞተ ሊንክ የሚታወቅበትንም ጊዜ አብራችሁ ታስረዝማላችሁ። የታመመውም ስዊች እንደታመመ ይቀራል።

ሥራው ራሱ ብዙ አይደለም። ክላስተሩ አዲስ ከሆነ በፒቪኢሲኤም (በፕሮክስሞክስ የክላስተር ትእዛዝ) ሲፈጠር ሊንክ 0ንም ሊንክ 1ንም ከነአድራሻቸው መስጠት፣ ሌሎቹ ኖዶች ሲቀላቀሉም እንዲሁ። ቀድሞ የተሠራ ከሆነ የኮሮሲንኩን ኮንፊግ ፋይል ከፒቪኢ ማውጫ ኮፒ ታደርጋላችሁ፤ በኮፒው ላይ ለእያንዳንዱ ኖድ ሁለተኛውን አድራሻ ትጨምራላችሁ፤ ለሊንክ 1 የኢንተርፌስ ክፍል ትከፍታላችሁ፤ የኮንፊግ እትም ቁጥሩን በአንድ ከፍ ታደርጋላችሁ፤ ከዚያ ኮፒውን በዋናው ላይ ትተካላችሁ። የእትም ቁጥሩን ያልጨመረ ሰው ለውጡ ለምን እንዳልሠራ ሲፈልግ ይውላል። ዋናውን ፋይል በቀጥታ ከፍቶ ማረም ደግሞ አደጋ ነው፤ በግማሽ ሴቭ ያደረጋችሁት ነገር ወዲያው ወደ ኖዶቹ ሁሉ ይሄዳል። ለሊንኮቹ ቅድሚያ ስትሰጡ ትልቁ ቁጥር ቀዳሚ መሆኑን አስተውሉ፤ 20 የተሰጠው ሊንክ 15 ከተሰጠው በፊት ይሠራል። አድራሻ እንጂ ስም አትጻፉ፤ ዲኤንኤስ የሚሰጠው ማሽን እዚያው ክላስተር ውስጥ ሊሆን ይችላልና።

ከዚያ ፋየርዎሉ። ኮሮሲንክ የሚጠቀመው የዩዲፒ ፖርት ለሊንክ 0 5405፣ ለሊንክ 1 5406 እያለ ለስምንቱ ሊንኮች እስከ 5412 ይደርሳል። 5405ን ብቻ የከፈተ ሰው ሊንክ 1 ከተወለደ ጀምሮ የሞተ ይሆንበታል፤ ሊንክ 0 እየሠራ ስለሆነም ማንም አያውቅም። እንዲህ ዓይነቱ ጸጥ ያለ ሞት የተረካቢ መስመር ዋና ጠላት ነው። የሚሠራው መስመር ሲበላሽ ሰው ይጮኻል፤ የተቀመጠው ሲበላሽ ግን ጠሪ እስኪመጣ ይቆያል። ስለዚህ የኮሮሲንክን ሲኤፍጂቱል የሁኔታ ማሳያ በየደቂቃው የሚያነብ ትንሽ ስክሪፕት በክሮን (በሊኑክስ የጊዜ ሠሌዳ) አስቀምጡ፤ ከሊንኮቹ አንዱ «ኮኔክትድ» ካላለ መልእክት ይላክ። ቴሌግራም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራሙም የለም። ሲም ካርድ ያለው የዩኤስቢ ሞደም ሰክቶ በኤስኤምኤስ ማስላክ ለዚህ ቀን ይደርሳል።

ሁለት ኖድ ብቻ ላለው መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከሁለት አንዱ ሲወድቅ የቀረው ብቻውን አብዛኛው አይደለምና። ኮሮሲንክ ለዚህ ኪው-ዲቫይስ የሚባል ዘዴ አለው። ክላስተሩ ውስጥ የሌለ አንድ ትንሽ ማሽን ላይ ዳኛው ይጫናል፤ ኖዶቹ በቲሲፒ 5403 ያነጋግሩታል። ዳኛውን እዚያው ክላስተር ላይ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ማስቀመጥ ከንቱ ነው፤ ክላስተሩ ሲወድቅ ዳኛውም ይወድቃል።

እዚህ ላይ ርቀት ይመጣል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ጅማ የሆነ ድርጅት አንድ ኖድ እዚህ አንድ ኖድ እዚያ አድርጎ በአንድ ኮሮሲንክ ማሰር ያምረዋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በወሊሶ፣ በወልቂጤና በሰቆሩ የሚመጣው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ፋይበሩ ይህን ያህል እንኳ ቢሆን ደርሶ መልሱ 3.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በመካከል ያሉት ራውተሮች ገና አልተቆጠሩም። ከ5ቱ ሚሊሰከንድ የሚተርፈው በጣም ትንሽ ነው፤ መስመሩ ትንሽ ሲጨናነቅ ያልቃል። ስለዚህ ኖዶቹ ሁሉ ጅማ ይሁኑ፣ ዳኛው ብቻ አዲስ አበባ ይቀመጥ። ዳኛው መዘግየትን ከኖድ እጅግ በተሻለ ይታገሣል። የአዲስ አበባው መስመር ቢቋረጥ ሁለቱ ኖዶች ከሦስት ድምፅ ሁለቱን ይዘው ይቀጥላሉ። መስመሩ ተቋርጦ ሳለ አንድ ኖድ ቢሞት ግን ክላስተሩ ይቆማል። ይህን አስቀድሞ ለኃላፊው መንገር ተገቢ ነው።

ከተማው ውስጥ ባሉ ሁለት ሕንፃዎች መካከልም ቢሆን መንገዱን በእግር ሄዶ ማየት ይጠቅማል። ሁለት ፋይበር አንድ ቱቦ ውስጥ ከተቀበሩ አንድ ቆፋሪ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። ከሁለት አቅራቢዎች የተገዙ መስመሮችም አንድ ምሰሶ ላይ ሊሄዱ ስለሚችሉ፣ ውል ከመፈረም በፊት መንገዱን ጠይቁ፤ ለዳኛው መስመር ከሆነ፣ አንዱ በፋይበር ሲመጣ ሌላውን በሞባይል ኔትወርክ ማድረግ መንገድ የመጋራትን ዕድል ይቀንሳል። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የመዳብ ኬብል በአየር ላይ መዘርጋት በጅማ ክረምት አይታሰብም። መብረቅ አቅራቢያው ቢወድቅ በኬብሉ የሚገባው ኃይል ከስዊቹ አልፎ እስከ ሰርቨሩ ፖርት ይደርሳል፤ የሁለቱ ሕንፃዎች መሬትም እኩል ቮልቴጅ ላይሆን ይችላል። ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሁለቱንም ችግር ይዘጋል፤ ሲንግል ሞድ ከሆነ ደግሞ በኤልኤክስ ኤስኤፍፒ (ስዊቹ ላይ በሚሰካ የፋይበር ማገናኛ) እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መለዋወጫ ኤስኤፍፒና የፋይበር ፓች ኮርድ ካቢኔው ውስጥ ይኑር። አለዚያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ክላስተሩ በአንድ እግሩ ቆሞ ያድራል።

ፔስሜከር ለሚጠቀሙ፣ መልስ ያቆመን ኖድ በግድ የሚያጠፋው ፌንሲንግ የተባለው ክፍል ከመብራት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። አንድ ኖድ መልስ ሲያቆም ሌላው በአይፒኤምአይ (ሰርቨሩን ከርቀት በሚያበራና በሚያጠፋው ክፍል) በኩል በዩዲፒ 623 «አጥፋው» ብሎ ያዛል፤ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ብቻ ሥራውን ይረከባል። አይፒኤምአዩ ግን ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ሰርቨር ነው። የአንዱ ኖድ ዩፒኤስ ባትሪ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ ቢያልቅ ሰርቨሩም አይፒኤምአዩም አብረው ይጠፋሉ፤ የቀረው ኖድ ማረጋገጫ ስለማያገኝ ሥራውን ሳይረከብ ይጠብቃል። ስለዚህ የሰርቨሩን ሁለት ፓወር ሰፕላይ በሁለት የተለያዩ ዩፒኤስ ላይ ሰኩ፤ በሁለተኛ ደረጃም ሶኬቶቹን በኔትወርክ ማጥፋት የሚችል ፒዲዩ ፌንሲንጉ ላይ ጨምሩ። ለአይፒኤምአዩ ከዳታው ጋር ያልተጋራ የራሱን ፖርት ስጡት። በሁለት ኖድ ክላስተር ደግሞ መስመሩ ሲቆረጥ ሁለቱም እኩል ተኩሰው እንዳይጠፋፉ ለአንዱ የ10 ወይም የ15 ሰከንድ መዘግየት ይሰጥ።

መብራት ተመልሶ ኖዶቹ አንድ በአንድ ሲነሱ የመጀመሪያው፣ ዳኛውን ካላገኘ፣ ብቻውን ምንም አያስጀምርም። ትክክል ነው፤ ጓደኛውን እየጠበቀ ነው። መስኮቱ ላይ ሰው ተሰልፎ ሳለ ግን «የሚጠበቀው ድምፅ 1 ይሁን» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ያስጎመጃል። ሌላው ኖድ በእርግጥ ጠፍቶ መሆኑን በዓይን ሳያዩ፣ የፓወር ኬብሉንም ሳይነቅሉ ይህን ትእዛዝ መስጠት ሁለት ሰርቨሮችን አንድ ዳታ ላይ መልቀቅ ነው።

የማስተዳደሪያውን ገጽ በአንድ ተንሳፋፊ አይፒ (ከማሽን ወደ ማሽን በሚሻገር አድራሻ) ማግኘት ለምትፈልጉ ኪፕአላይቭድ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። በሚጠቀምበት የቪአርአርፒ ደንብ የአድራሻው ባለቤት በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ተጠባባቂው ቅድሚያው 100 ከሆነ 3.6 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ይረከባል። ሁለቱንም በባክአፕ ሁኔታ አስጀምሩና ኖፕሪኤምፕትን ጨምሩ፤ አለዚያ የታመመው ማሽን በተነሳ በወደቀ ቁጥር አድራሻውን ይነጥቃል። እዚህም የሚረሳ ነገር አለ፤ አድራሻው በ4 ሰከንድ ቢሻገርም የተከፈቱ የቲሲፒ ግንኙነቶች አብረው አይሻገሩም። አዲሱ ባለቤት የማያውቀው ፓኬት ሲደርሰው ሪሴት (ይህ ግንኙነት የለም የሚል መልስ) ይመልሳል፤ ደንበኛው ወዲያው እንደገና ይገናኛል። መካከል ላይ ያለ ፋየርዎል ያን ፓኬት ዝም ብሎ ከጣለው ግን ሊኑክስ በተለመደው ቅንብሩ ደጋግሞ እየላከ 15 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ምንም የማይልክ፣ መልስ ብቻ የሚጠብቅ ፕሮግራም ደግሞ ኪፕአላይቭ (ወዲያኛው ጫፍ መኖሩን የሚጠይቀው የቲሲፒ ቅንብር) ቢበራለት እንኳ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚልከው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው። ኪፕአላይቩን ወደ 60 ሰከንድ፣ ድግግሞሹን በየ10 ሰከንዱ ለ3 ጊዜ ብታወርዱት በ90 ሰከንድ ያውቃል። ፋየርዎሉም ዝም ብሎ ከመጣል ሪሴት ቢመልስ ይሻላል።

ሙከራውን ኢንተርፌሱን በትእዛዝ በማውረድ አትጀምሩ፤ በዚያ መንገድ የሚፈጠረው ሁኔታ ከእውነተኛ ብልሽት ይለያል። ኬብል ንቀሉ። ቀጥሎ አንዱን ስዊች አጥፉ፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት፣ ሌላውን አጥፉ። ከዚያ ኬብሉን ሳትነኩ የአንዱን ሊንክ ዩዲፒ በፋየርዎል በመግባትም በመውጣትም ዝጉ፤ ይህ የደነዘዘውን ስዊች ይመስላል። በየእርምጃው የሰዓቱን ሰከንድ ከሎጉ ጋር አስተያዩ። በመጨረሻ በሊኑክስ ኔትኤም (የመስመር ችግርን በሚያስመስለው መሣሪያ) ቀዳሚው ሊንክ ላይ 20 በመቶ የፓኬት ኪሳራ ጨምሩ። ክኔት ከተቆረጠ ሊንክ በፍጥነት ይዞራል፤ በግማሽ የሞተው ላይ ግን ፒንጉ አንዳንዴ ስለሚያልፍ ሊንኩ ሲወድቅ ሲነሳ ሊቆይ ይችላል። ይህ ከታየ በሥራ ቀን የሚደረገው ያንን ኬብል ነቅሎ በሁለተኛው ሊንክ ብቻ መዋል፣ የተነቀለውንም እዚያው መፈተሽ ነው፤ መጀመሪያ የኬብሉን ጫፍ፣ ቀጥሎ ኤስኤፍፒውን፣ ከዚያ የስዊቹን ፖርት።